የግራ መደገፊያ

ሆድ የሚብሰኝ ቀን ምክንያት ይዞ አይመጣም፤ ዛሬም ይዞ አልመጣም። ሜሪላንድ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ የሚነበበውም የሚበላውም አልጥም ብሎኛል። በእንዲህ ያለ ቀን እጄን ሥራ ካላስያዝኩት ምን እንደምሆን የሚያውቁኝ ያውቁታል። ስለዚህ ከአልጋው ሥር ካርቶኑን ስቤ አወጣሁና ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካቸውን የአሻንጉሊት ቤት ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ አንድ ብፌ፣ አንድ ኮመዲኖና የእጅ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር። ርካሽ ናቸው፤ የአንዳቸው ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም። ሠሪው ገጣጥሞ ትቷቸዋል፤ የቀረውን ገዢው ይወጣው ተብሎ ነው።

ዕቃዎቹ በ1 ለ12 ልኬት የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ጫማ አንድ ኢንች ይሆናል ማለት ነው። ዘጠና ሳንቲሜትር የሚቆም ወንበር እዚህ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። እንጨቱ እንዲህ ሲያንስ ቀለሙ ግን አብሮ አያንስም፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው። እኛ ቤት እዚህ ግባ የማይባል የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቀለም፣ በዚያች ወንበር ልክ ሲታሰብ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይወፍራል፤ ጠርዙን ይውጠዋል፣ ቅርጹንም ይደፍነዋል። ርካሹን ዕቃ ርካሽ የሚያስመስለው እንጨቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱ የወፍራም ቀለምና የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነው ባይ ነኝ። ቀጠን ተደርጎ የተቀባና አንጸባራቂነቱ የበረደ ዕቃ ፎቶ ቢነሳ መጠኑን የሚጠረጥር አይኖርም።

ከመቀባቱ በፊት ያለው ሥራ ግን ከመቀባቱ ይበልጣል። ኮላው በየመጋጠሚያው ፈስሶ ደርቋል፤ ኮላ የነካው እንጨት ደግሞ ማቅለሚያ ስለማይጠጣ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ያ ቦታ ፈዘዝ ብሎ ራሱን ያጋልጣል፤ ያኔ በምላጭ ጫፍ ቀስ እያሉ መፋቅ ነው። ከዚያ ባለ 220 የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም ከእሱ የሚለሰልሰው ባለ 400፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ፣ ምክንያቱም አግድም የተጫረ መስመር ማቅለሚያውን ጠጥቶ ጠቁሮ ይወጣል። ተቆርጦ ጫፉ የተገለጠው እንጨት ከሌላው ይልቅ ስለሚጠጣ አስቀድሞ በአልኮል የቀጠነ ሼላክ የሚባል ሙጫ መሰል ቅብ ይቀባል። የመሳቢያው ጎንና ጎን ፈጽሞ ቀለም አይነካውም፤ የሻማ ሰም ይበቃዋል፤ አለዚያ ተጣብቆ ይቀራል። ከዕቃው ጋር የመጡትን ድብልብል እጀታዎች ነቅዬ በናስ ስፒል ራስ ተካኋቸው። ብፌውን የዋንዛ መልክ ልሰጠው ብዬ ሁለት ማቅለሚያ ቀላቀልኩ፤ ቀባሁት፣ ወዲያው ጠረግሁት፣ እንደገና ቀባሁት። ሲደርቅ ከዋንዛው እምብዛም አልራቀም። ወንበሩንም እንዲሁ አደረግሁት።

ያኔ ነው ያልጠበቅሁት ሐሳብ የመጣብኝ። ብፌው አማረ፤ ነገር ግን ማንም ያልነካው ዕቃ ነው የሚመስለው፤ ሱቅ ውስጥ የቆመ እንጂ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ያለ አይመስልም። ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ ትዝ አሉኝ። እኚያ የቺካጎ ሀብታም ቤተሰብ ልጅ በ1940ዎቹ በዚሁ በ1 ለ12 ልኬት የሞት ቦታዎችን የሚያሳዩ ክፍሎች አሠርተው የፖሊስ መርማሪዎችን ያሠለጠኑባቸው ሴት ናቸው፤ ለአሻንጉሊቶቹ የእግር ሹራብ በስፒል ይሠሩ ነበር ይባላል። አሥራ ስምንቱ ክፍሎች ዛሬም ከዚህ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ በሜሪላንድ ዋና የአስከሬን መርማሪ መሥሪያ ቤት ይገኛሉ፤ እኔ ያየኋቸው በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መጨረሻ ዋሽንግተን ሬንዊክ ጋለሪ በቀረቡ ጊዜ ነው። ሌላው ጎብኚ ደሙን ሲያይ እኔ ያየሁት የወጥ ቤቱን ዕቃ ነበር። ሁሉም ያገለገለ ዕቃ ይመስላል፤ አንድ ሰው ሲነካካው ኖሮ የወየበ። ሴትዮዋ ማን እንደኖረበት ያውቁ ነበርና የት የት እንደሚወይብም ያውቃሉ።

እኔስ? አሻንጉሊት አላስገባም ብዬ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ፤ የሚያፈጥ የሸክላ ፊት አልወድም። ዕቃ ማስረጀት ግን ሰው ይፈልጋል። ዝም ብሎ ሁሉንም ጠርዝ እኩል የሚያጭር ሰው አለ፤ ውጤቱ ያረጀ ሳይሆን የተጎሳቆለ ዕቃ ነው። ወንበር የሚያልቀው እጅ ባረፈበት፣ ብፌ የሚወይበው ከሚዘወተረው እጀታ ዙሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንበሩን አንስቼ ባለ 600 ወረቀት ጠቅልዬ፣ መደገፊያው ከፊት በሚያልቅበት፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ማሸት ጀመርኩ። ማቅለሚያው ሳስቶ ከሥሩ ነጣ ያለው እንጨት የሽምብራ ፍሬ ታክል ብቅ ሲል ነው ያስተዋልኩት፤ የማሸው የግራውን መደገፊያ ብቻ ነበር። ቀኙን አልነካሁትም፤ መንካትም አላሰኘኝም።

የግራ መደገፊያውን በአውራ ጣቷ ጥፍር እየፋቀች የምታወራ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ትምህርት ቤት እጇን መትተው በቀኝ እንድትጽፍ አደረጓት፤ መቀስ ስትይዝ፣ ስትቆጣ፣ ስታስብ ግን ግራዋ ይቀድማል። እንግዲህ ሳልጠራት ገብታለች። ከገባች ደግሞ ኮመዲኖው በስተግራዋ መሆን አለበት፤ ቡናዋን የት ታስቀምጠው? በስተግራ ያለው ግን የአሻንጉሊት ክፍሉ ግድግዳ ነው፤ ወንበሩን ላዙረው ብል ጀርባዋን ለበሩ ልትሰጥ ነው፤ እሱን ደግሞ እንደማትወድ የታወቀ ነው። ሰው በሌለበት፣ ጣሪያም ባልተከደነለት አንድ ክፍል ውስጥ የአንዲትን ኪራይ የማትከፍል ተከራይ ምቾት ሳሰላ አመሸሁ። የእኔ የራሴ ወንበር ላይ የታጠበ ልብስ ከተቆለለ ሰንብቷል፤ ስለ እሱ ማንም የሚጨነቅ የለም።

ነገሩን የሚፈታው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሲኒ የምትይዘው በግራዋ ነው ወይስ ያስተማሯት ቀኝ እጅ እዚያም ደርሷል? ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ቡና ጠጥቼ አላስተዋልኩም። ደውዬ ብጠይቃት «ይህ ለምን አስፈለገ?» ማለቷ አይቀርም፤ እሷ ደግሞ የቀጥታ መልስ ካላገኘች ስልክ አትዘጋም። ምን ልላት ነው?