የሲሊከኑ ጉብታና የቅዳሜ ገበያ

ለማስተርስ ትምህርቴ የያዝኩት ሥራ ሲታይ ቀላል ነበር፤ ሲሊከን ከ1 እስከ 600 ኬልቪን ሙቀትን እንዴት እንደሚያስተላልፍ በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) አስልቶ ግራፉን መሳል። ደብረ ማርቆስ ቤታችን ተቀምጬ ሦስት ቀን ይበቃኛል አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ከፊሉን የመብራት መጥፋት በላው፣ የቀረውን የራሴ ስህተት።

በሲሊከን ውስጥ ሙቀትን በዋናነት የሚሸከሙት የአተሞቹ የንዝረት ሞገዶች፣ ማለትም ፎኖኖች ናቸው። ሲሊከኑ ሙቀት የሚያስተላልፍበትን መጠን ለማግኘት ስሌቱ የሙቀት አቅማቸውን፣ ፍጥነታቸውንና ሳይጋጩ የሚጓዙትን ርቀት አባዝቶ ለሦስት ማካፈል ነው። ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም፤ ጉዳዩ ያለው በቀሩት ሁለቱ ጋ ነው።

ፎኖን ከክሪስታሉ ጠርዝ፣ ከአይሶቶፕ (ክብደቱ ከሌሎቹ ከሚለይ የሲሊከን አተም) እና ከሌላ ፎኖን ጋር ይጋጫል። እኔ በግጭትና በግጭት መካከል ያለውን ጊዜ ለሦስቱም አስልቼ ደመርኩት። በ300 ኬልቪን 148 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ መውጣት ሲገባው በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር መጣ። ለካ የሚደመረው በሰከንድ የሚደርሰው ግጭት ኖሯል! ይህን ለማግኘት ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልናገርም።

ቀጥሎ 1 ኬልቪን ላይ ፕሮግራሙ ቆመ። የሲሊከን የዲባይ ሙቀት (የአተሞቹ ንዝረቶች ሁሉ የሚነቃቁበት የሙቀት መጠን) 645 ኬልቪን ገደማ በመሆኑና ለ1 ኬልቪን ስለሚካፈል በቀመሩ ያለው ኤክስፖኔንሻል ስኩዌር ሲደረግ ኮምፒውተሩ ከሚይዘው አለፈ። ኤክስፖኔንቱን ኔጌቲቭ አድርጌ ጻፍኩትና ተገላገልኩ።

ክፉው ግን ድምፅ የሌለው ስህተት ነው። የፎኖን ለፎኖን ግጭትን መጠን የሚወስነውን ቁጥር ነካ ነካ እያደረግሁ ውጤቱን 148 ላይ አሳረፍኩት፤ ደስ አለኝ። ግራፉ 25 ኬልቪን አካባቢ ከፍ ብሎ የሚሠራው ጉብታ ግን በቤተ ሙከራ ከተለካው በላይ ተቆለለ። በፕሮግራሙ ውስጥ የአይሶቶፑን ግጭት የሚያሰላውን መስመር ለሙከራ ዘግቼ ረስቼው ነበር። የተፈጥሮ ሲሊከን 92.2 በመቶው ሲሊከን-28 ነው፤ 29 እና 30 ክብደታቸው ስለሚለይ ሞገዱን ይበትኑታል፤ ጎልቶ የሚታየውም ጉብታው ላይ ነው። 300 ላይ ያንን ቁጥር እየጠመዘዝኩ ጉድለቱን ሸፍኜዋለሁ። አሁን አንድ ነጥብ ስለገጠመልኝ አላምንም። ከ2 ወደ 4 ኬልቪን ስወጣ ውጤቱ ስምንት እጥፍ ገደማ መሆኑን አያለሁ፤ ክሪስታሉን በግማሽ ሳሳንሰው የታችኛው ጫፍ በግማሽ ወርዶ 300 ላይ ምንም መነቃነቅ የለበትም።

ጉብታው ለምን እንደሚፈጠር ለእናቴ በቅዳሜ ገበያ አስረዳኋት። ሰዉ ፎኖን፣ ጤፉ ሙቀት፣ የቀኑ መግፋት የሙቀት መጠኑ መጨመር ይሁን። ማለዳ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያቆመው የመንገዱ ጠርዝ ብቻ ቢሆንም የሚገባው ጤፍ ትንሽ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሰዉ እርስ በርሱ ተጋፍቶ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ብዙ ጭነት የሚገባው በመካከሉ ነው።

«ልጄ፣ ገበያተኛ ቢጋፋም እኮ ወደ ገበያው ነው የሚገፋፋው» አለችኝ። «መንገድ የሚዘጋው ተመላሹ ነው።»

ዝም አልኩ። የፊዚክስ ሊቁ ፓየርልስ በ1929 ኡምክላፕ ብሎ የለየው ይህንኑ ነው፤ ፎኖኖች ተጋጭተው ጠቅላላ አቅጣጫቸው ካልተቀየረ ሙቀቱ አይገታም፤ የሚገታው የሚገለብጣቸው ግጭት ነው። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ካላዌይ በ1959 ባወጣው ስሌት የማይገለብጡትን ግጭቶች ለብቻቸው የሚያስተካክል ሁለተኛ ክፍል አለ። እኔ «ለጊዜው ይቆይ» ብዬ ትቼው ነበር። ማታ መብራት ሲመጣ ጨመርኩት።