ጌታ ሆይ፣ ምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! እንባ እየቀደመኝ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ቢዘበራረቅብኝ ታገሱኝ።

ራስ ምታቱ የሚብስብኝ ጠዋት ጠዋት ነበር። ከአልጋ ስነሳ ያስመልሰኛል፤ ረፈድ ሲል ቀለል ይለኛል። ማይግሬን ተባልኩ። ሳይነስ ተባልኩ። ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ ተባልኩ። ወራት በዚሁ አለፉ። ማንንም አልወቅስም፤ ራሱን የሚያመው ሰው ሁሉ ዕጢ የለበትም፣ አብዛኛው የለበትም።

ዓይኔ ብዥ ሲልብኝ መነጽር ልቀይር ሄድኩ። የዓይን ሐኪሟ ዓይኔ ውስጥ መብራት አብርተው አዩና ዝም አሉ። ደግመው አዩ። ከዚያ "ማን ይዞሽ መጣ?" አሉኝ። ከዓይን በስተጀርባ ያለው ነርቭ በሁለቱም በኩል አብጧል። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሚታይ ምልክት ነው፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ አሉ። ዶክተር፣ ባሉበት ጌታ ዘመንዎን ይባርክ! ለመነጽር ብዬ ነው እኮ የመጣሁት።

ያቺ ሌሊት! ሲቲ ስካኑ አንጎሌ መሃል፣ ፈሳሽ በሚዘዋወርባቸው ክፍተቶች ውስጥ፣ ዕጢ አሳየ። የፈሳሹን መተላለፊያ ዘግቶት ክፍተቶቹ ተወጥረዋል። ተረኛው ሐኪም ለባለቤቴ በሹክሹክታ ሲያስረዳው ሰማሁ፤ ፈሳሹ ቶሎ ካልቀነሰ ራሷን ልትስት ትችላለች እያለው ነው። በራስ ቅሌ በኩል ቱቦ ሊገባልኝ ሆነ። የፀጉሬን አንድ ጎን ላጩት። አንሶላው ላይ ሲወድቅ አየሁት። ነርሷ ለቅማ በፌስታል አድርጋ ለባለቤቴ ሰጠችው። እሱም ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት በብብቱ ያዘው።

መጸለይ አቃተኝ። አፌ ላይ የመጣው "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብቻ ነው። ከዚያ ተቆጣሁ። አዎ፣ ጌታዬን ተቆጣሁት። "የሠራኸኝ አንተ አይደለህ? ውስጤ ያለውን እያወቅህ፣ ሰው ሁሉ ሲገምት ዝም ብለህ ታያለህ?" አልኩት። ባለቤቴ እግሬን ይዞ በለሆሳስ ይዘምር ጀመር። "ተው በቃ፣ ዝም በል" አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሳይታወቀው እንደገና ጀመረ። እኔ ፈውስ እንኳ አልጠየቅኩም። "ምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ" ነው ያልኩት። ያንኑ እየደጋገምኩ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገፉኝ።

ሲነጋ አለሁ! ያ ውጥረት ለቆኛል።

ከዚያ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ዋናው ቀዶ ሕክምናም ተደረገልኝ፤ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጣ። የፓቶሎጂው (የናሙናው ምርመራ) ውጤት ግን ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የሚባል የአንጎል ካንሰር ነው የሚል ሆነ። ጨረርና ኬሞ ይከተላል ተባለ። ደግሞ ለቅሶ።

ቀዶ ሐኪሜ ግን ውጤቱ አልተዋጠላቸውም። "የተቀመጠበት ቦታ ከዚህ ስም ጋር አይሄድልኝም" ብለው ናሙናውን ወደ ሌላ ባለሙያ ላኩት። አንዳንድ ወገኖች "በቃ በእምነት ተቀበዪው፣ ምን ታስመረምሪዋለሽ?" አሉኝ። እኔ ግን የጸለይኩት እንዲነገረኝ ነው፤ መልሱ በማይክሮስኮፕ በኩል ቢመጣ ምን አለበት?

ጠበቅን። ጠበቅን።

ለካ ኦሊጎዴንድሮግሊዮማን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት መንታው የሚመስል ሌላ ዕጢ አለ፤ ክብ ክብ ሕዋስ፣ ዙሪያው ነጣ ያለ። ባለሙያዋ ሲናፕቶፊዚን የሚባለውን፣ የዚያ የሌላው ዕጢ ምልክት የሆነውን ፕሮቲን በሚያሳይ ማቅለሚያ ሞከሩት፤ ቀለሙን ያዘ። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ቢሆን ከክሮሞዞም 1 እና ከክሮሞዞም 19 የሚጎድል ክፍል ነበር፤ የኔ ግን ምንም አልጎደለውም።

የኔ ዕጢ ያ ሌላው፣ ሴንትራል ኒውሮሳይቶማ የሚባለው ነው። ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ የተገለጸው በፈረንጆች 1982 ነው። ከአንጎል ዕጢዎች ሁሉ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በአብዛኛው የሚይዘውም ወጣት ጎልማሶችን ነው። ክፋቱ ከአራት ደረጃዎች 2ኛው ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙ ጊዜ ክትትል ይበቃዋል። ጨረሩም ኬሞውም ቀረልኝ! ሃሌ ሉያ!

ክትትሉ አሁንም አለ። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሆዴ ይባባል። "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ" እያልኩ ማሽኑ ውስጥ እገባለሁ፤ መንኳኳት ሲጀምር ጥቅሱ ይጠፋብኛል። እስካሁን ውጤቱ ንጹህ ነው።

ናሙናዬን የመረመሩትን ባለሙያ አይቻቸው አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃቸዋለህ። ዓይናቸውን ጠብቅልኝ።