ለመኪና ኤሌክትሪክ መልቲሜትር እንዴት መረጥኩ

አሮጌ ኮሮላ ነው የምነዳው። ከአርብ ማታ ጀምሮ ግቢ ከቆመች ሰኞ ጠዋት አትነሳም ነበር። ያየ ሁሉ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው» ይለኛል። ባትሪው ግን ገና አዲስ ነው፣ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ደህና ይሰራል። የሆነ ነገር ሌሊቱን እየጠጣው ከሆነ ሌላ ባትሪ ብገዛም ያው ነው። ስለዚህ ለባትሪ ያሰብኩትን ብር መልቲሜትር ለሚባለው የቮልትና የከረንት መለኪያ ላውለው ወሰንኩ።

መርካቶ ከመውጣቴ በፊት ምን ማወቅ እንደምፈልግ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ባትሪው ሞልቷል ወይ? ዲናሞው ቻርጅ ያደርጋል ወይ? መኪናው ጠፍቶ ሳለ ከረንት የሚወስድ ነገር አለ ወይ? ቮልቴጁ መንገድ ላይ የሚቀርበት ቦታ አለ ወይ? ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛና በኋላ ነው ምን እንደሚለካበት የሚያስበው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የትኛውም መልቲሜትር ይበቃል። በየሱቁ የተሰቀለችው ትንሿ ቢጫ ዲቲ 830 እንኳ ትሆናለች። 20 ቮልት ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) ላይ አድርጋችሁ የባትሪውን ሁለት ራስ መንካት ነው። ቆሞ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፣ 12.2 ካለ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ከወጣ ዲናሞው ደህና ነው። የኔ 14.2 ነበር። ስለዚህ ዲናሞውን ተውኩት።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው ገበያ ያስዞረኝ። ተራ መልቲሜትር ከረንት የሚለካው የባትሪውን ገመድ ፈትታችሁ መሀል ስታስገቡት ነው። ይሄ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ባትሪው ሲፈታ በመኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ይጀምራሉ፣ አንዳንዴ የምትፈልጉት ጥፋት ራሱ በዚያው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የርካሾቹ የ10 አምፒር ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ፊውዝ የለውም፣ አጠገቡ ተጽፏል፣ አንብቡት። መለኪያው መሀል ገብቶ ሳለ ማንም ሰው ቁልፍ አዙሮ ለማስነሳት ከሞከረ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከ100 አምፒር በላይ ይስባል፣ ሽቦዎቹ እጃችሁ ላይ ሊቀልጡ ይችላሉ።

መፍትሄው ገመዱን ሳይፈታ አቅፎ የሚለካው ክላምፕ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ክላምፕ ለቤት ኤሌክትሪክ የተሰራ ነው፣ ኤሲ ከረንት ብቻ ነው የሚለካው፣ መኪና ላይ ዜሮ ያሳያል። ሻጩ «ሁሉንም ይለካል» ቢላችሁም ከኤ ፊደሉ ጎን ቀጥ ያለች መስመርና ከሥሯ ነጠብጣብ መስመር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እሱም ብቻ አይበቃም። እስከ 600 አምፒር የሚሉት ትልልቆቹ ትንሹን ከረንት አያዩትም። የተኛ መኪና ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ነው መውሰድ ያለበት፣ እኔ የምፈልገውም እሱን ነው። ዩኒ-ቲ ዩቲ210ኢን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ 2 አምፒር ላይ ሲደረግ በ1 ሚሊ አምፒር እየቆጠረ ያነባል። ፍሉክ የሚባለውን ውድ ብራንድም ጠይቄ ነበር፣ ዕቃው ግሩም ነው፣ ግን ለአንድ የግል መኪና ዋጋው አያዋጣም፤ ጋራዥ ላለው ሰው ነው የምመክረው።

ማታ መኪናውን ቆልፌ፣ ኮፋኖውን ከፍቼ፣ ክላምፑን ገመዱ አጠገብ ባዶውን ዜሮ አደረግኩትና የኔጋቲቩን ገመድ አቀፍኩበት። ዜሮ ማድረጉን አትዝለሉት፣ ካልሆነ የሌለ ከረንት ያሳያችኋል። መጀመሪያ ከ2 አምፒር በላይ ሆነ። ከዚያ ኮምፒውተሮቹ ተራ በተራ ሲተኙ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ወረደ፣ እኔም ጠበቅኩ፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላም 0.38 አምፒር (380 ሚሊ አምፒር) ላይ ቆሞ ቀረ። አስሉት፤ በቀን 9 አምፒር ሰዓት ያህል ነው። የኔ ባትሪ 45 አምፒር ሰዓት ነው። ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ግማሹ ሄደ ማለት ነው!

ፊውዞቹን አልነቀልኩም። እያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉት። መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጌ ሁለቱን ነጥብ እነካለሁ። ከረንት የማያልፍበት ዜሮ ይላል፣ የሚያልፍበት ትንሽ ያሳያል። የቴፑ ፊውዝ አሳየ። ስከፍተው በኋላ የተገጠመው አንድሮይድ ስክሪን ቀይና ቢጫ ሽቦው አንድ ላይ ተጠምዝዟል (ቢጫው ሁልጊዜ፣ ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው ኃይል ማግኘት ያለበት)፤ ቁልፍ ሲነቀል መጥፋት የነበረበት ስክሪን ሙሉ ለሙሉ አይጠፋም ነበር። ለያየኋቸው፣ 0.02 ሆነ። ባትሪው እስካሁን ያው ነው።

አራተኛውን ጥያቄ የፈታሁት በጓደኛዬ ቪትዝ ላይ ነው። ባትሪው 12.6፣ ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ነው የሚዞረው። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ «አስነሳ» አልኩት። ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ነበር ጥሩ፣ 1.1 አሳየ። ገመዱ ሞተሩ ላይ የታሰረበት ቦታ ዝጓል። ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግነው፣ መልሰን አጠበቅነው፣ ወዲያው ተስተካከለ። ሞተሪኖ ሊያስወርድ ነበር እኮ!

ሙቀት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ካፓሲተር ለሚለካው ብዬ ተጨማሪ ብር አልከፍልም። ለጥሩ ሽቦ ግን እከፍላለሁ። ጫፉ ሹል ይሁን፣ ነክሶ የሚይዝ ክሊፕም ይኑረው፣ ምክንያቱም አንድ እጅ ሁልጊዜ ባትሪ መብራት እንደያዘ ነው።

በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ወዳጆች ይጠይቁኛል። እነሱም 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ ዲናሞና ሞተሪኖ ስለሌላቸው ስለነሱ ያልኩት አይመለከታቸውም፣ የሚጠጣውን ከረንት መፈለጉ ግን ለሱም ይሰራል። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን በምንም መለኪያ አትንኩ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ያለባቸው፣ ለሰለጠነ ሰው ተዉት። በየትኛውም መኪና የኤርባግ ሽቦ ላይም ኦም (ሬዚስታንስ) አትለኩ፣ ከመለኪያው የሚወጣው ትንሽ ከረንት ሊያፈነዳው ይችላል።

ብር ያጠረው ሰው ቢጫዋን ይግዛ። ክላምፕ ባይኖረውም በ200 ሚሊቮልት የፊውዞቹን ጀርባ እየነካ የሚጠጣውን ማግኘት ይችላል፤ ብቻ መኪናው እስኪተኛ ይታገስ፣ በሩንም አይክፈት፣ ከከፈተው እንደገና ይነቃል።