ለአዲሱ ዓመት፦ አምባሳደር ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱ የት ይገባል?

እንኳን ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ! አደይ አበባው በደጃችሁ ለፈነዳላችሁም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሪያድ ሆናችሁ የእንቁጣጣሹን ዶሮ ከሥራ መልስ ማታ ለምትሠሩም ዓመቱ የጤናና የጥጋብ ይሁንላችሁ።

መስከረም ሲጠባ ፋታ የማያገኝ አንድ ሙያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የመሪዎች ሳምንት የሚውለው በዚሁ ወር ስለሆነ ዲፕሎማቶች ደመራን ብዙ ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ባጅ አንጠልጥለው ከአዳራሽ አዳራሽ ሲሮጡ ያሳልፉታል። የዘንድሮ መልእክታችን ስለዚህ ሙያ፣ በተለይም ጡረታ ወጥተውም ሙያውን ስላልተዉት ሰዎች ነው።

በዚያ ሳምንት ሁለት ሚኒስትሮች ሲገናኙ የሚያገኙት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ንግግሩ በአስተርጓሚ ከሆነ ወዲያው በግማሽ ይወርዳል፤ 15 ደቂቃ ቀረ። ሰላምታውና ፎቶው 5 ደቂቃ ይበላል። የተረፈውን ለሁለት ሲካፈሉት ለአንድ ወገን 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። ለዚህች 5 ደቂቃ 12 የንግግር ነጥብ በስድስት ገጽ አዘጋጅቶ የሚሰጥ የመሥሪያ ቤቱ ክፍል (ዴስክ) ሚኒስትሩን ገደል ሰደዳቸው ማለት ነው። አንገታቸውን ደፍተው ማንበብ ይጀምራሉ፤ ዋናው ጥያቄ 9ኛ ነጥብ ላይ ስለተቀመጠ ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል። ልምድ ያለው ሰው የሚያዘጋጀው አንድ ገጽ ነው፦ ቢበዛ ሦስት ነጥብ፣ የምንፈልገው ነገር ከላይ፣ ሌላው ወገን ሊያነሳው የሚችለው ክፉ ጥያቄ ከነመልሱ ከታች። ማስታወሻ የያዘው መኮንን ደግሞ ሪፖርቱን ሳያድር በዚያው ምሽት ይጽፋል፤ የተባለውን ለብቻ፣ የራሱን ግምት ለብቻ። ሁለቱ ከተደባለቁ ከሦስት ወር በኋላ «ቃል ገብታችሁልን ነበር» ብለን የምንሞግትበት ነገር ጭራሽ ያልተባለ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለቱ አለቆች «እስቲ ለብቻችን» ብለው ያለ ማስታወሻ ያዥ የገቡ እንደሆነ ነው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስብሰባ ይዘው ይወጣሉ።

በአገሮች መካከል ያለውን የዲፕሎማሲ ግንኙነት ደንብ የያዘው የ1961ዱ የቪየና ስምምነት ይህን አይነግረንም። (ከዓ.ም. ውጪ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተቀባይ አገር አንድን እጩ አምባሳደር ሳይቀበል ቢቀር ምክንያቱን የመናገር ግዴታ እንደሌለበት ከአንቀጽ 4፣ አምባሳደሮች በክብር ቅደም ተከተል የሚሰለፉት ሥራ በጀመሩበት ቀንና ሰዓት እንደሆነ ከአንቀጽ 16 ማንም አንብቦ ያውቃል። የስብሰባው ብልሃት ግን ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣም ተከትሎት ቤቱ ይገባል።

ይህ ያሳሰባቸው ሦስት አንጋፋ ሰዎች በ1983 ዋሽንግተን ላይ የአሜሪካ የዲፕሎማሲ አካዳሚን መሠረቱ፦ ኤልስዎርዝ ባንከር፣ ዩ. አሌክሲስ ጆንሰንና ጆን ማክሎይ። አካዳሚ ይባል እንጂ መደበኛ ተማሪ ተቀብሎ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት አይደለም። በከፍተኛ የዲፕሎማሲ ኃላፊነት ያገለገሉ ሰዎች ማኅበር ነው፤ ማመልከቻ ሞልቶ አባል መሆን የለም፣ ነባሮቹ አባላት ናቸው የሚመርጡት። ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱም ወገን አይደለም። ጥናት ያወጣል፣ ይሸልማል፣ መንግሥት ሙያውን ሲያጎሳቁል ይናገራል።

ከመሥራቾቹ ሁለቱ ከሙያው ውጭ የመጡ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባንከር የስኳር ነጋዴ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን የአምባሳደርነት ሹመት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከ55 አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሳይጎንን አምባሳደርነት፣ የዶሚኒካን ሪፐብሊክን ሽምግልናና የ1977ቱን የፓናማ ቦይ ስምምነት ድርድር የተሸከሙት። ማክሎይ የሕግና የባንክ ሰው ነበሩ። ስለዚህ «አካዳሚው የጡረተኛ ቢሮክራቶች ዕድር ነው፤ ከውጭ የመጣን ሁሉ ይጠላል» የሚለው ሐሜት ገና ከአመሠራረቱ አይገጥምም። የሚጠይቁት ከየት መጣህ ብለው ሳይሆን ምን ታውቃለህ ብለው ነው።

ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። የ1980ው የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት ሕግ አንቀጽ 304 አምባሳደር ሊሆን የሚታጭ ሰው የተረጋገጠ ብቃት ሊኖረው እንደሚገባ፣ እስከተቻለ ድረስ የሚሄድበትን አገር ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል ማወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ለምርጫ ዘመቻ የተሰጠ ገንዘብ መመዘኛ ሊሆን እንደማይገባም በግልጽ ይላል። ፕሬዚዳንቱም የእጩውን ብቃት የሚያሳይ ሪፖርት ለሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ መላክ አለባቸው። በተግባር ግን ሪፖርቱ በአመዛኙ የሙገሳ ወረቀት ሆኗል፤ ለዘመቻ ገንዘብ ያሰባሰቡ ሰዎች ደጋግመው ይሾማሉ። በ2014 ለኖርዌይ የታጨ አንድ ሰው ሴኔት ፊት ቀርቦ ስለ አገሪቱ «ፕሬዚዳንት» ተናገረ፤ ኖርዌይ ንጉሥ ያላት አገር ናት። በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ያለን ፓርቲም እንደ ዳር ያለ ጽንፈኛ ቡድን ቆጠረው። ጥፋቱን የግለሰቡ አድርጎ መሳቅ ይቀላል፤ እኛ የምንወቅሰው ሳያጠና ወደዚያ ወንበር የላከውን አሠራር ነው። ሹመቱ ወር ከወር እየተጓተተ በዓመቱ መጨረሻ ቀረ።

ብቃት ሲኖርስ? ጥቅምት 1962፣ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ ሚሳኤል በመትከሏ የተነሣው የኩባ ሚሳኤል ቀውስ። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ደብዳቤ ላኩ፤ የመጀመሪያው ለዘብ ያለ፣ አሜሪካ ኩባን ላለመውረር ቃል ትግባ የሚል፣ ሁለተኛው በቱርክ ያሉት የአሜሪካ ሚሳኤሎች ይነሱ የሚል። ኬኔዲ ሁለተኛውን ማለፍ እንደማይቻል አምነው ነበር። ሞስኮ ላይ አምባሳደር የነበሩትና ክሩሽቼቭን በቅርብ የሚያውቁት ልዌሊን ቶምፕሰን ፕሬዚዳንቱን ፊት ለፊት አልስማማም አሏቸው፤ ክሩሽቼቭ የሚፈልጉት ለሕዝባቸው «ኩባን አዳንኩ» የሚሉበት መውጫ ስለሆነ መልሱ ለመጀመሪያው ደብዳቤ ይሁን ሲሉ ተከራከሩ። ይፋው መልስ በዚያው መንገድ ሄደ። እርግጥ የቱርኩ ጉዳይ በጓዳ ቃል ተገብቶበታል፤ ሁሉን በቶምፕሰን ምክር አለቀ ማለት ታሪክ ማሳመር ይሆናል። ቢሆንም በዚያ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው ልብ ገምቶ መናገር የሚችል፣ አለቃውንም የሚቃወም ሰው መኖሩ ለውጥ አምጥቷል። ከአካዳሚው መሥራቾች ጆንሰን ኬኔዲ በሰበሰቡት በዚያው የአማካሪዎች ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ ማክሎይ ደግሞ ከቀውሱ በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ስለ ሚሳኤሎቹ መነሣት ከሶቪየቱ ኩዝኔትሶቭ ጋር ተደራድረዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጀምበር አይገኝም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ ተቋም ለፈረንሳይኛ ከአማርኛ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የሚመድበው። አማርኛችን ከከባዶቹ ቋንቋዎች ተርታ ተመድቦ 44 ሳምንት ይፈጃል፤ ዓረብኛ 88። ችግሩ ለአንድ ዓመት ቋንቋ የሚማር ሰው ወንበሩ ባዶ መቅረቱ ነው። ተተኪ የሌለው አለቃ «ዘንድሮ ይቅር፣ ሥራ በዝቷል» ይላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ማለቂያ የለውም። አካዳሚው በ2011 ባወጣው ጥናት ስለ ሙያዊ ሥልጠና አጥብቆ የተከራከረው ይህን አይቶ ነው፤ በ2015 ደግሞ ሹመቱ በፖለቲካ እየተዋጠ ሙያው እየሳሳ መሆኑን አስጠነቀቀ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ1,350 በላይ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው።

የወጣው ሰው ዕውቀት ግን እዚያ አገር ማረፊያ አላጣም። በ1986 የተቋቋመ ሌላ የዲፕሎማሲ ጥናትና ሥልጠና ማኅበር ከ2,500 በላይ የቀድሞ ዲፕሎማቶችን ቃለ መጠይቅ በጽሑፍ አኑሯል፤ በነጻ ይነበባል፣ በየአገሩም ተሰብስቧል። የኢትዮጵያው ክፍል አዲስ አበባና አስመራ ተመድበው የሠሩ ሰዎች ያዩትን ይዟል።

በእኛ በኩል? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከተረሸኑት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት መካከል አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ። አንዱ በሳን ፍራንሲስኮና በፓሪስ ጉባኤዎች የአገሪቱን ጉዳይ የያዙ፣ ሌላው በ1971 ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊነት የታጩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከመመሥረቱ በፊት የአፍሪካ አገሮች የተከፈሉባቸውን የካዛብላንካንና የሞንሮቪያን ቡድኖች ለማቀራረብ የደከሙት ከተማ ይፍሩ ታሰሩ። ስለ ኤርትራ ፌዴሬሽን ድርድር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ወጣት ዲፕሎማት ሊጠይቃቸው የሚችል ዋና ዋና ሰዎች ያኔ ታጡ። አክሊሉ በእስር ሆነው የጻፉት ማስታወሻ ባይተርፍ ኖሮ ከዚህም ያነሰ በቀረን።

አሁን ያሉት አንጋፎቻችን ግን በየቤታቸው አሉ። በበዓሉ ሰሞን የምትጠይቋቸው የቀድሞ አምባሳደር፣ ቆንስል ወይም የቴሌግራም ክፍል ሠራተኛ ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። አስቀድማችሁ የተመደቡባቸውን ከተሞች ከነዓመታቸው በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ያለዚያ ወሬው ከሞስኮ ካርቱም ይዘላል። «ትልቁ ስኬትዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የምታገኙት ንግግር ነው። «ያን ቀን ማን ደወለልዎት? ረቂቁን ማን ጻፈው? ሚኒስትሩ የቱን መስመር ሰረዙት?» በሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አታድክሟቸው፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። የጻፋችሁትን ራሳቸው አንብበው እንዲያርሙት ስጧቸው፣ ምኑ አሁን ይፋ እንደሚሆንና ምኑ ከእሳቸው ሕይወት በኋላ እንደሚቆይ በፊርማ ተስማሙ። ከመሳቢያ የሚያወጡት ወረቀት የመንግሥት ሰነድ ከሆነ ፎቶ አታንሱት። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ወመዘክር ቢሆን መልካም ነው።