ለተራራ ጉዞ የእጅ ጂፒኤስ ላይ ምን ካርታ፣ በምን ሶፍትዌር?

የእጅ ጂፒኤስ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሳተላይት አቀባበሉ፣ ስለ ባትሪውና ውኃ ስለመቋቋሙ ነው። ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ ግን ዛሬ ገበያ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የቆማችሁበትን ነጥብ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግራችኋል። መሣሪያን ከመሣሪያ የሚለየው ያ ነጥብ ምን ላይ እንዳረፈ የሚያሳየው ካርታ ነው። ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣው መሠረታዊ ካርታ ብዙ ጊዜ አውራ ጎዳናና ከተማ፣ ቢበዛ ትልልቅ ወንዝ ብቻ ይይዛል። ጭጋግ ሲወርድ ግራ በኩል ገደል ይሁን ዳገት የምታውቁት ራሳችሁ ከጫናችሁት ካርታ ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

ካርታ ቬክተር ወይም ራስተር ነው። ቬክተሩ መንገዱን፣ ወንዙንና ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘውን መስመር) በነጥብና በመስመር ስለሚይዝ፣ ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር መሣሪያው እንደ አዲስ ይሥለዋል። ራስተሩ የታተመ ካርታ ምስል ነው። የወረቀት ካርታ የለመደ ሰው ልቡ ወደ ራስተር ቢያደላ አይፈረድበትም፤ ባለሙያ ገደሉንና ቋጥኙን ለይቶ የሣለበት ካርታ የሚያሳየውን ብዙ የቬክተር ካርታ አያሳይም። ችግሩ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። በተለመደው የ2.2 ኢንች ስክሪን ላይ ወርዱ 3.5፣ ቁመቱ 4.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በ1፡25,000 መጠን (1 ሴንቲሜትር 250 ሜትር ሆኖ) ሲታይ፣ ከፊታችሁ ያለው መሬት 900 ሜትር በ1,100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ሰፋ አድርጌ ልይ ብላችሁ ዙሙን ስትመልሱ ደግሞ ጽሑፉ ይጠፋል፦ ወረቀቱ ላይ 2 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል በ254 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 254 ፒክስል) ሲስካን 20 ፒክስል ይይዛል፤ አራት እጥፍ ስታርቁት የሚቀረው 5 ፒክስል ነው፣ አይነበብም። የቬክተር ካርታ ጽሑፍ ግን በየትኛውም ዙም አንድ ዓይነት መጠን አለው።

የራስተር ሌላው ገደብ ቦታ ነው። ጋርሚን የተባለው አምራች መሣሪያዎች ራሳችሁ ያዘጋጃችሁትን የካርታ ምስል፣ ምስሉንና መገኛ ቦታውን አብሮ በሚይዝ ኬኤምዜድ በተባለ ፋይል ይቀበላሉ፤ ምስሉ ግን ጄፔግ ሆኖ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ1024 በ1024 ፒክስል መብለጥ የለበትም። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚይዙት በጠቅላላው 100 ቁራጭ ነው፣ አንዳንዶቹ እስከ 500 ይደርሳሉ። በ254 ዲፒአይ የተስካነ የ1፡50,000 ካርታ አንድ ፒክስሉ 5 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 100 ቁራጭ በግምት 51 በ51 ኪሎሜትር ይሸፍናል። ለ1፡25,000 ካርታ ይህ በግማሽ ይወርድና ወደ 25 በ25 ይሆናል። ገደቡን ያለፉት ቁራጮች ዝም ብለው ይቀራሉ፤ መሣሪያው አያስጠነቅቅም። እኔ የምመክረው ዋናው ካርታ ቬክተር እንዲሆን፣ ራስተሩ ደግሞ አስቸጋሪ ለሆነው አንድ ሸንተረር ወይም ገደላማ ክፍል ብቻ እንዲዘጋጅ ነው።

ኮንቱሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ካርታ መምረጥ አደገኛ ነው። አብዛኞቹ ነፃ ካርታዎች ከፍታን የሚወስዱት የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በ11 ቀን በራዳር ከሰበሰበው ኤስአርቲኤም ከተባለው መረጃ ነው። ይህ መረጃ ከ60 ዲግሪ ሰሜን እስከ 56 ዲግሪ ደቡብ ይሸፍናል፤ ከፍታ የሚሰጠውም በየ30 ሜትሩ ነው። በሁለት መለኪያ ነጥቦች መካከል የወደቀ የ15 ሜትር ገደል በካርታው ላይ ጠንከር ያለ ቁልቁለት መስሎ ይታያል እንጂ ገደል አይሆንም። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ራዳሩ ሳያይ ያለፈው ቦታ በስሌት ተሞልቷል፤ ጫካ ላይ ደግሞ የተለካው መሬቱ ሳይሆን ወደ ዛፉ አናት የቀረበ ከፍታ ነው። ስለዚህ በየ10 ሜትሩ ኮንቱር ያለው ነፃ ካርታ በየ20 ሜትሩ ካለው ይበልጣል ብላችሁ አትደምድሙ፤ መሠረቱ ያው የ30 ሜትር መረጃ ከሆነ ትርፉ ስክሪን የሚያጨናንቅ መስመር ብቻ ነው። መንግሥታዊ የካርታ ድርጅት በራሱ ልኬት የሠራው ኮንቱር የተገኘ እንደሆነ ቢከፈልበትም አይቆጭም።

የእግር መንገዶቹስ? በነፃ የሚገኙት የኦፕንቶፖማፕና የፍራይትሳይትካርተ ዓይነት ካርታዎች የተሠሩት በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው፣ ማንም ሊያርመው ከሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው የዓለም ካርታ ነው። መንገዱን የሣሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንድ ሸለቆ እስከ ምንጩ ድረስ ተዘርዝሮ ቀጥሎ ያለው ባዶ ሊሆን ይችላል። ካርታው ላይ የሌለ መንገድ መሬት ላይ የለም ማለት አይደለም፤ ከሳተላይት ምስል ብቻ የተሣለ መስመርም የጎርፍ ቦይ ወይም የከብት ዱካ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሣዮቹ የመንገዱን አስቸጋሪነትና ምን ያህል ለዓይን እንደሚታይ መመዝገብ ይችላሉ፤ ይህን በቀለም ወይም በመስመር ዓይነት ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

በግዢ የሚመጣ ካርታ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ ወይም ከአንድ ሚሞሪ ካርድ ጋር የተቆለፈ ስለሆነ፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ካርድ ብትገለብጡት መሣሪያው ካርታውን ማረጋገጥ አልቻልኩም ብሎ ይዘጋዋል። ካርዱ ከጠፋ ካርታውም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት በምን እንደተቆለፈ ጠይቁ።

አጫጫኑ ቀላል ቢሆንም ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የጋርሚን የቬክተር ካርታ አይኤምጂ የሚባል ፋይል ነው። ሚሞሪ ካርዱን በኤፍኤቲ32 ፎርማት አድርጉ፣ ጋርሚን የሚል ፎልደር ክፈቱ፣ ፋይሉን እዚያ አስቀምጡ። ኤፍኤቲ32 ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል ስለማይቀበል፣ ሰፊ አገር የሚሸፍን ካርታ በክፍል በክፍል ይወርዳል። አሮጌ ሞዴሎች የሚያነቡት ጂማፕሰፕ የሚል ስም ያለውን አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ አዳዲሶቹ በማንኛውም ስም ይቀበላሉ። የጋርሚን የመጫኛ ፕሮግራም ግን ሁልጊዜ የሚጽፈው በዚሁ በጂማፕሰፕ ስም ነው፤ ሁለተኛ ካርታ ስትልኩ የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል። በጫናችሁ ቁጥር ወዲያው ስሙን ቀይሩት። በመሣሪያው ውስጥ ያሉትን የፋብሪካ ፋይሎች አትንኩ፤ አዲስ ካርታም ወደ ውስጥ ሚሞሪ አትጫኑ። ፋይሉ ተበላሽቶ መሣሪያው አልነሳም ካለ፣ ካርዱን አውጥታችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ። ፋይሉ ያለው በመሣሪያው የውስጥ ሚሞሪ ከሆነ ግን ሥራው ይከብዳል።

“ካርታው ተጭኗል፣ ኮንቱሩ ግን አይታይም” የሚለው ቅሬታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ለአንድ ቦታ ሁለት ካርታ በርቷል፣ ከላይ ያለውም የታችኛውን ሸፍኖታል። ወደ ካርታ ቅንብር ገብታችሁ የምትፈልጉትን ብቻ አብሩ። የተራራውን ቅርጽ በጥላ የሚያሳየው የጥላ ቅብም ጠፍቶ ይቆይ፤ ስክሪኑን ያጨልማል፣ አሣሣሉንም ያዘገያል።

ለኮምፒውተር ሁለት ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ጋርሚን ላላቸው ቤዝካምፕ የመሣሪያቸውን ካርታ በቀጥታ ያነባል፣ ትራክ (የምትሄዱበትን መስመር) ይሥላል፣ ወደ መሣሪያው ይልካል። መልኩ ያረጀ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል። ሊኑክስ የሚጠቀም ወይም ራስተርና ቬክተር በአንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ኪውማፕሻክን ይያዝ፤ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፣ ከለመዱት በኋላ ግን ቤዝካምፕን ያስንቃል። የፋይል ዓይነት መቀየር ሲያስፈልግ ጂፒኤስባብል አለ። የትኛውንም ብትመርጡ ሥራችሁን ጂፒኤክስ በተባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፤ ሁሉም ፕሮግራም የሚያነበው እሱን ነው።

ትራክና ሩት አንድ አይደሉም። ሩት በጥቂት ነጥቦች የተያያዘ ነው፤ የመሣሪያው ቅንብር የመኪና ከሆነ በአስፋልት ዞሮ ሊወስዳችሁ ይሞክራል፣ ቀጥታ መስመር ከሆነ ደግሞ ከነጥብ ነጥብ በገደል ላይም ቢሆን ያሰምራል። ለተራራ የሚሆነው ትራክ ነው፤ መታጠፊያዎቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳልና። መገንጠያ፣ የወንዝ መሻገሪያና የውኃ ቦታ ላይ ዌይፖይንት (ስም ያለው ምልክት ነጥብ) ጨምሩበት። እዚህ የነጥብ ብዛት ይቁጠሩ፦ በየ10 ሜትሩ ነጥብ ያለው የ22 ኪሎሜትር ትራክ 2,200 ነጥብ አለው። የተቀመጠ ትራክ በ500 ነጥብ የሚገደብ አሮጌ መሣሪያ የሚያሳየው የመጀመሪያውን 5 ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው የለም፣ ይህንንም የምታውቁት ተራራው ላይ ነው። ከመላካችሁ በፊት በሶፍትዌሩ ማጣሪያ ወደ 500 አውርዱት። ነጥብ የሚቀነሰው በእኩል ርቀት እየተዘለለ ሳይሆን ከመስመሩ በሚያፈነግጠው መጠን ይሁን፤ አለበለዚያ ቀጥ ያለው ሜዳ ነጥብ ተርፎት ጠመዝማዛው ቁልቁለት ይቆራረጣል።

ከወረቀት ካርታ የቦታ መገኛ ቁጥር የምታስገቡ ከሆነ ዳተሙን፣ ማለትም ቁጥሩ የተሰላበትን የመሬት ልኬት መሠረት፣ ተመልከቱ። ጂፒኤስ የሚሠራው በደብሊውጂኤስ84 ነው፤ እንደ አዲንዳን ወይም ኢዲ50 ባሉ የቆዩ ዳተሞች የታተመ ካርታ ቁጥር ሳይስተካከል ከገባ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። አጻጻፉም ያሳስታል፦ 9.30 ዲግሪ እና 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ አንድ አይደሉም፣ በመካከላቸው 22 ኪሎሜትር ገደማ አለ።

በመጨረሻም ፍተሻው በኮምፒውተር ሳይሆን በመሣሪያው ስክሪን ይሁን። የቆማችሁበትን ነጥብ ወደ መንገድ ጎትቶ የሚያጣብቀውን ቅንብር አጥፉ፤ ከመንገድ መውጣታችሁን ይደብቅባችኋል። ከዚያ ትራኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ120 ሜትር አካባቢ የዙም መጠን እየገፋችሁ እዩት፦ ኮንቱሩ ከትራኩ ቀለም ተለይቶ ይታያል? የከፍታው ቁጥር ይነበባል? መጨረሻው ነጥብ በቦታው አለ? ውጭ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን ደግማችሁ ተመልከቱት። አዲስ ካርታ ስትጭኑ አሮጌውን ከካርዱ ሳትሰርዙ በካርታ ቅንብሩ ብቻ አጥፍታችሁ አቆዩት፤ አዲሱ መንገድ ላይ አልከፈት ካለ አሮጌውን ታበራላችሁ።