ለፒኤችዲ መግቢያ ቃለ መጠይቅ የሚጠናው ደብተር ሳይሆን የራስ ኮንሰፕት ኖት ነው

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ለሦስተኛ ዲግሪ ያመለከቱ መምህራን ቃለ መጠይቁ ሲቃረብ ብዙ ጊዜ የሚያገላብጡት የሁለተኛ ዲግሪ ደብተራቸውን ነው። ይህ ጊዜ ማባከን ነው። የትምህርቱን መሠረት ለመለካት ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናና የትምህርት ክፍሉ የጽሑፍ ፈተና አለ። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚመረመረው ያስገባችሁት ኮንሰፕት ኖት፣ ማለትም ልትሠሩት ያሰባችሁት ጥናት አጭር መነሻ ጽሑፍ ነው። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ወረቀቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ውሳኔ እናንተው አስባችሁ እንደወሰናችሁት ወይም ከሌላ ሰው ቴሲስ እንዳለ እንዳመጣችሁት ነው።

ስለዚህ ኮንሰፕት ኖቱን መስመሩን አስፍታችሁ አትሙትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ቁጥር፣ የቦታ ስም፣ የዘዴ ስም ባገኛችሁ ቁጥር አስምሩና ጎኑ ላይ “ለምን ይኼ? ሌላውስ ለምን ቀረ?” ብላችሁ ጻፉ። ጎጃም ለዚህ ዓይነቱ ፈተና እንግዳ አይደለም፤ በዋሸራም በጎንጅም የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲነግር መምህሩ አገባቡን ይጠይቀዋል፣ ማስረዳት ካልቻለ የድምፁ ማማር አያድነውም።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ ታች እንውረድ። አመልካቹ በጎዛምን አሲዳማ አፈር ላይ የእርሻ ኖራና ፎስፈረስ ለስንዴ ያላቸውን ጥቅም ላጥና ብሏል እንበል። አራት የኖራ መጠን፣ ሦስት የፎስፈረስ መጠን፣ ሦስት ድግግሞሽ አስቀምጧል። “ስንት መደብ (ለየብቻ የሚዘራ ትንሽ የሙከራ ቁራሽ መሬት) ይሆናል?” ሲባል 36 ነው። መደቡ 3 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነ ለሰብሉ ብቻ 432 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ በመደቦቹና በብሎኮቹ (እያንዳንዱ ድግግሞሽ በሚያርፍባቸው የመደብ ስብስቦች) መካከል የሚተወው መተላለፊያ ከዚህ ውጭ ነው። “በሄክታር 2 ቶን ኖራ ለአንድ መደብ ስንት ይደርሳል?” 2.4 ኪሎ። ይህን እዚያው ተቀምጦ ማስላት ያቃተው ሰው ሙከራውን ማሳ ላይ ሆኖ አላሰበውም፤ ጠያቂውም ይህ ወዲያው ይገባዋል።

ከባዱ ቀጥሎ ይመጣል። “የኖራውን መጠን በምን ወሰኑት?” ለሚለው “ፒኤቹ 5 ስለሆነ” ብሎ መመለስ አይበቃም። ፒኤች አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ይነግረናል እንጂ ምን ያህል ኖራ እንደሚፈልግ አይነግረንም። ፒኤቻቸው እኩል የሆነ ሁለት ማሳዎች፣ አንዱ ሸክላውና ብስባሹ ከበዛ፣ የሚፈልጉት ኖራ ይለያያል። መጠኑ የሚሰላው በላቦራቶሪ ከሚለካው ኤክስቼንጀብል አሲዲቲ (የአፈሩ ቅንጣቶች ከያዙት አሲድ)፣ ከአፈሩ ባልክ ዴንሲቲ (የደረቅ አፈር ክብደት ለይዘቱ) እና ኖራው ከሚደባለቅበት ጥልቀት ተነስቶ ነው። “መቼ ይበተናል?” የሚለውም አለ። ኖራ እርጥበት ይፈልጋል፣ አሠራሩም ዝግ ያለ ነው፤ ከዘር ጋር በአንድ ቀን በትኖ በአንድ መኸር ሙሉ ውጤቱን እለካለሁ ያለ አመልካች ቀጣዩን ጥያቄ ራሱ ጋብዟል። ቀደም ብሎ በትኖ፣ ያንኑ መደብ በሁለተኛውም ዓመት ዘርቶ የተረፈውን ውጤት መከታተል የተሻለ መልስ ነው።

“ፎስፈረሱን ለምን ጨመሩት?” ሲባል፣ በአሲዳማ አፈር ፎስፈረስ በብረትና በአሉሚኒየም ስለሚያዝ ለሥሩ እንደማይደርስ፣ ኖራው ደግሞ ይህን እንደሚያላላ መናገር ያስፈልጋል። የጥናቱ እውነተኛ ጥያቄ የሁለቱ መስተጋብር ነው፦ ኖራ ሲጨመር የፎስፈረስ ፍላጎቱ ይቀንሳል ወይ፣ በምን ያህል? ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳ አመልካች ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ድግግሞሹ ለምን ሦስት ሆነ ለሚለው “የተለመደ ስለሆነ” አትበሉ። 12 ጥምረት በሦስት ብሎክ ለስሕተቱ 22 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ ማለትም የአጋጣሚውን ልዩነት ለመገመት የሚተርፍ ነጻ መረጃ፣ ይተዋል። አራተኛ ብሎክ ሌላ 12 መደብ ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ያን ገንዘብ ሁለተኛ ገበሬ ማሳ ላይ ማዋል ይበልጣል፤ ከአንድ ማሳ የተገኘ ውጤት የሚናገረው ስለዚያ ማሳ ብቻ ነውና።

መጠይቅ ይዘው ገጠር የሚወርዱት የማኅበራዊ ሳይንስ አመልካቾች የሚያዙት በናሙናቸው ብዛት፣ በተለመደው 384 ሰው ላይ ነው። ቁጥሩ የሚመጣው 95 በመቶ መተማመኛ፣ 5 በመቶ የስሕተት ወሰንና 50 በመቶ ምጣኔ ከሚወስደው ቀመር ነው፤ ቀመሩም ሰው አንድ በአንድ በዕጣ ሲመረጥ የሚሠራ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ አባወራ ነው የምትመርጡት፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ደግሞ ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱ ሰው የሚጨምረው መረጃ ያንሳል። ይህን ለማካካስ በ1.5 ቢባዛ 576 ይሆናል፣ ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 634። የመረጃ ሰብሳቢ አበሉም አብሮ ያድጋል። በጀቱ በ384 ተሠርቶ ናሙናው 634 ከሆነ ጠያቂው ያየዋል።

“ምን አዲስ ነገር አለው?” ለሚለው በብዛት የሚሰማው መልስ “በዚህ ወረዳ አልተጠናም” ነው። ይህ ደካማ መልስ ነው። የቦታው ጠባይ ነገሩን የሚቀይር ከሆነ ግን ቦታው ራሱ ምክንያት ይሆናል። በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ሌላ ቦታ የተሰላ የኖራ መጠን ከዚህ ዑደት ለወጣ መሬት ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ እውነተኛ ክፍተት ነው።

ገለጻ ካለ ለ10 ደቂቃ ከስምንት ስላይድ አትለፉ፤ ሦስቱ ስለ ዘዴው ይሁኑ። መልሱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መጀመሪያ በአማርኛ ከሙያው ውጭ ለሆነ ሰው፣ ለእህታችሁም ቢሆን፣ አስረዱት። እሷ ካልገባት ችግሩ ቋንቋው አይደለም። የማታውቁት ሲመጣ “እስካሁን አልወሰንኩትም፤ ለመወሰን ግን ይህን መረጃ እፈልጋለሁ” ማለት ያስከብራል፤ ዙሪያውን መዞር ግን ሌላ አምስት ጥያቄ ይጠራል። መንገድ ተዘግቶ የጥናቱ ቦታ መድረስ ባይቻል ምን ታደርጋላችሁ የሚለውም አይቀርም፤ ተመሳሳይ አፈር ያለው ተለዋጭ ቦታ በስም ያዙ። የአፈር ናሙናውን የሚመረምረው ላቦራቶሪ የትኛው እንደሆነና ለአንድ ናሙና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጭ አገር ላመለከተ ሰው ሰዓቱ ወጥመድ ነው። የጀርመን 14:00 በክረምታቸው የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በበጋቸው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ እነሱ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓታቸውን ይቀይራሉ። ሲቪ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ፤ ዲግሪው በአንዱ፣ ሥራው በሌላው ሲጻፍ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ክፍተት ያለ ይመስላል። መብራት ቢጠፋ የሚያገናኝ የስልክ ዳታና ሙሉ ባትሪ ይኑር፤ የኮሚቴውን ጸሐፊ ስልክ ቁጥርም ወረቀት ላይ ያዙ።

መጨረሻ ላይ “ጥያቄ አለዎት?” ሲባል “የለኝም” አትበሉ። አማካሪ ሊሆኑ የሚችሉት መምህር አሁን ስንት የዶክትሬት ተማሪ እንደያዙ፣ የመስክ ሥራውን ወጪ ዩኒቨርሲቲው ወይስ የላካችሁ መሥሪያ ቤት እንደሚሸፍን ጠይቁ። የሁለተኛውን መልስ በደብዳቤ እንዲሰጧችሁ ከምዝገባ በፊት ጠይቁ።