ጅማ ላይ ለናፍጣ መኪና ባትሪ ስትገዙ አምፔሩን ብቻ አትዩ

"ጅማ ምን ብርድ አለና ነው ስለ ባትሪ የምትጨነቀው" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው ጅማ ደብረ ብርሃን አይደለችም፣ ግን ከህዳር እስከ ጥር ያለውን ንጋት ናፍጣ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ጠዋቶች አሉ፣ እና እነዚህ ወራት ደግሞ ልክ ቡና የሚለቀምባቸው ስለሆኑ ፒክአፑም አይሱዙውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ወደ ጌራ ወይ ወደ ሊሙ መውጣት አለበት። ከሰዓት በኋላ ፀሀይ ላይ ቆሞ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና ንጋት ላይ እህህ እያለ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ብዙ ሹፌር መፍትሄው ማታ ቁልቁለት ላይ አፍንጫውን ወደታች አድርጎ ማቆም ነው፣ ጠዋት ፍሬን ለቆ በማርሽ ያስነሳል። ማንዋል ከሆነ ይሰራል፣ ግን ጭነት ጭኖ ፍሬኑ በሞተር የሚታገዝ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ቁልቁለት ላይ መልቀቅ የሰው ህይወት የሚያስከፍል ነገር ነው፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ናፍጣ ለምን እንደሚከብደው ላስረዳ። ቤንዚን ሞተር ካንዴላ እሳት ይሰጠዋል። ናፍጣ ግን አየሩን ጠቅጥቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው፣ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር ለምሳሌ አየሩን 22.4 እጥፍ ነው የሚጠቀጥቀው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ ያንን ሙቀት ብረቱ ይበላዋል፣ በዛ ላይ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ሞተሪኖ ቀስ ብሎ ካዞረው አየሩ በፒስተኑ ፋሻዎች በኩል ያመልጣል፣ ሙቀቱም ለመጥፋት ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ጉዳዩ መዞሩ አይደለም፣ ፈጥኖ መዞሩ ነው። ጅማ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፣ የሚጠቀጠቀው አየር ካነሰ የሚገኘውም ሙቀት ያንሳል። ያው የናፍጣ ሞተር ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ዘይቱም ንጋት ላይ ይወፍራል፣ እና ባትሪው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት እሱም በብርዱ ደክሟል ማለት ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው የእርሳስና የአሲድ ኬሚስትሪ በብርድ ይዘገያል። ዜሮ ዲግሪ ላይ የባትሪ የማስነሳት ጉልበት በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። እኛ ጋ ዜሮ አይደርስም ግን አቅጣጫው ያው ነው። ሌላው ካንዴሌታው ነው፣ ናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ውስጡን የሚያሞቀው ማለቴ ነው፣ ሞተሪኖው ገና ሳይዞር ካንዴሌታዎቹ እየጋሉ ብዙ አምፔር ከባትሪው ወስደዋል።

ወደ ግዢው ስመጣ፣ ጅማ መርካቶ ገብታችሁ "ለሃይሉክስ ባትሪ" ስትሉ መጀመሪያ የምትሰሙት "70 አምፔር ነው 90 አምፔር?" የሚል ጥያቄ ነው። ይሄ አምፔር የሚባለው አምፔር-ሰዓት ነው፣ ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ምን ያህል እንደሚሰጥ ነው የሚነግራችሁ። ለሬድዮና ለመብራት ጥሩ ነው። ንጋት ላይ ለማስነሳት ግን ማየት ያለባችሁ ሲሲኤ (CCA) የሚለውን ቁጥር ነው፣ እሱ ማለት ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ ለ30 ሰከንድ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ስንት አምፔር መልቀቅ ይችላል ነው። "እኛ ጋ ከዜሮ በታች 18 የለም" ትሉ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ግን ቁጥሩ የባትሪውን ጉልበት ነው የሚያሳየው፣ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ስታወዳድሩ ሌላ ሀቀኛ መለኪያ የለም። ተጠንቀቁ ታዲያ፣ አንዳንዱ ላይ ሲኤ (CA) ብቻ ነው የሚጻፈው፣ እሱ ዜሮ ዲግሪ ላይ የተለካ ስለሆነ ቁጥሩ ሁሌ ከፍ ይላል፣ ሲኤን ከሲሲኤ ጋር ካወዳደራችሁ ደካማው ጠንካራ መስሎ ይታያችኋል።

የጃፓን አጻጻፍ ያለው ባትሪ ከሆነ ደግሞ ኮዱን ማንበብ ቀላል ነው፣ 95ዲ31አር የሚል አይታችሁ ይሆናል። 31 የሳጥኑ ርዝመት ነው፣ 31 ሴንቲሜትር ገደማ። ዲ የወርዱና የቁመቱ መደብ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው አር ወይ ኤል ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ ነው፣ ከአሮጌው ጋር ካልገጠመ ገመዱ አይደርስላችሁም። ትልቁ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ነው፣ እሱ የጉልበት ደረጃ ነው። 65ዲ31፣ 95ዲ31፣ 115ዲ31 ሶስቱም ያው አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሳጥናቸው አንድ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ይለያያል። ሱቅ ውስጥ ኤን70 የሚባለው የድሮ ስም ከ65ዲ31 ጋር ነው የሚቀራረበው። እና ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ላይ 65 አስገብቶ በጠዋት ከመሰቃየት የዋጋ ልዩነቱን ከፍሎ 95 ማስገባት የኔ ምክር ነው፣ ተጨማሪ ቦታ አይፈልግም፣ ገመድ አይቀየርም። ጉልበቱ ስለበዛ ሞተሪኖውን ያቃጥለዋል የሚባለው ልክ አይደለም፣ ሞተሪኖ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው፣ እንደውም የሚያቃጥለው በደካማ ባትሪ ለረጅም ጊዜ መጎተት ነው።

የተመረተበትን ቀን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የከረመ አሲድ ያለው ባትሪ በራሱ ይወርዳል፣ ወርዶ ሲከርም ውስጡ ያለው የእርሳስ ፕሌት ላይ ሰልፌት ይጠነክርበታል፣ ያ ደግሞ ቻርጅ ቢደረግም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ኮዱን ባለሱቁ ያንብብላችሁ፣ ከዛ ቴስተር ጠይቃችሁ አስለኩ። 12.6 ቮልት እና ከዛ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ካለ ሩቡ ወርዷል፣ ከዛ በታች ካለ "ቻርጅ አድርገን እንሰጥሃለን" ቢሏችሁም ሌላ ይውጣ በሉ። ለማስለካት እምቢ የሚል ሱቅ ካለ ደግሞ ሰላም ብላችሁ ውጡ፣ ጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።

መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ አሁን ብዙ ቤት የሶላር ባትሪ አለ፣ እና "100 አምፔር ነው ምን ችግር አለው" ብሎ እሱን መኪና ላይ የሚገጥም ሰው እያየሁ ነው። የሶላር ባትሪ ፕሌቱ ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ለብዙ ሰዓት እንዲሰጥ ነው የተሰራው። የመኪናው ብዙ ስስ ፕሌት አለው፣ ባንዴ ብዙ አምፔር እንዲለቅ። ተገላቢጦሹም ያው ነው፣ የመኪናውን አውጥታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ቤት መብራት ካበራችሁበት ጥቂት ጊዜ እስከታች ከወረደ በቃ አለቀለት። "አሲድ ጨምርበት ይነሳል" የሚለውንም አትስሙ፣ ከባትሪ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም፣ የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው።

ግን ከሁሉ በፊት፣ ችግሩ እውነት የባትሪው ነው ወይ? አጎቴ በአጋሮ መንገድ ቡና ይሰበስባሉ፣ 5ኤል ሞተር ያላት አሮጌ ሃይሉክስ አለቻቸው፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብላ አዲስ ባትሪ ሊገዙ ብር ይዘው ወጥተው ነበር። "ጋሼ ከመግዛትዎ በፊት አንዴ ልለካት" አልኳቸው። "ለካ እስቲ፣ ግን ቶሎ በል ሰራተኞቹ እየጠበቁኝ ነው።" ሳትነሳ 12.6 አለች፣ ጥሩ ነው። ከዛ እሳቸው ቁልፍ ሲያዞሩ የቴስተሩን ጫፍ ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው እርሳስ አናት ላይ ስይዘው 10.7፣ እዛው ጣት በማይሞላ ርቀት ገመዱን የያዘው ማሰሪያ ላይ ስይዘው 8.9። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መሀል ላይ እየጠፋ ነው ማለት ነው፣ 0.2 እንኳን መብለጥ የለበትም። በ10 ቁልፍ ፈትተን ስናነሳው ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሞልቷል። ሙቅ ውሃ በቤኪንግ ሶዳ አፈሰስንበት፣ እየተንጨረጨረ ለቀቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ እስኪያብረቀርቅ ፈተግነው፣ አሰርነው፣ ላዩን ግሪስ ቀባነው። ሃይሉክሷ በቃ ተነሳች፣ ብሩም ለቃሚዎቹ ተከፈለ።

ስለዚህ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ቀስ ብሎ ከዞረ ባትሪ፣ ማሰሪያ፣ ማሳው (ኔጋቲቩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ) ወይ ሞተሪኖው ነው። ፈጥኖ እየዞረ ካልነሳ ደግሞ ባትሪውን ተዉት፣ ካንዴሌታውን ወይ ነዳጁ ውስጥ አየር መግባቱን ፈልጉ፣ አዲስ ባትሪ እዛ ላይ ምንም አይፈይድም። ከተነሳ በኋላም ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ባለው ውስጥ ካልሰጠ የገዛችሁት ባትሪ እንደ አሮጌው ይሞታል። ከመርካቶ እስከ መናኸሪያ ብቻ እየተመላለሰ የሚውል መኪናም እንደዛው ነው፣ ለማስነሳት ያወጣውን ሳይመልስ ይጠፋል፣ አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ ይውጣ።

አይሱዙ ኤፍኤስአር ያላችሁ፣ የናንተ 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት ባለ 12 በተከታታይ ታስረዋል። አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ መቀየር ብር የሚቆጥብ ይመስላል ግን አሮጌው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይወርዳል፣ አዲሱንም ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም አንድ አይነት፣ አንድ እድሜ ይሁኑ። ጅማ ገዝታችሁ ደብረ ብርሃን ወይ ባሌ ጎባ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ሲሲኤው ላይ አትሰስቱ፣ እዛ ያለው ሌሊት የኛን አይመስልም።

ስትገጥሙ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይታሰር፣ ስትፈቱ መጀመሪያ ይፈታ። የባትሪው መያዣ ብረት ደግሞ በላስቲክ ገመድ አይተካ፣ የገጠሩ መንገድ ሲያንቀጠቅጠው ፕሌቶቹ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራሉ፣ ብረቱ ከጠፋ በያጅ ጋ ሄዳችሁ አሰሩት።